የብሪጅድ መስቀል እየተፈታ ላስቸገራችሁ፦ የኢምቦልክ ማታ ደረጃ በደረጃ

በየዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ አየርላንድ ያሉ ሐበሻ ወላጆች አንድ ዓይነት ፎቶ ይልኩልኛል። ጠረጴዛ ላይ የተበታተነ አረንጓዴ ሣር፣ መሀሉ የላላ መስቀል፣ ከጎኑ ያኮረፈ ልጅ። "ምን አጥፍተን ነው?" ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገር አንዱ ነው። ወይ ቀኑ አልፏል፣ ወይ ሣሩ ትክክለኛው አይደለም፣ ወይ ደግሞ መሀሉን የያዘው ጣት ተነስቷል።

ኢምቦልክ የኬልቶች፣ ማለትም የጥንት የአየርላንድና የአካባቢዋ ሕዝቦች፣ የጸደይ መቀበያ በዓል ነው። ብሪጅድን እንደ ጥንቷ አምላክ የሚቀበሏት አሉ፤ እንደ ቅድስት የሚያስቧትም አሉ። የማታው ሥራ ግን ለሁለቱም ያው ነው። ሣር ይነቀላል፣ ጨርቅ ደጅ ያድራል፣ በር ላይ አቀባበል ይደረጋል፣ እራት ይበላል፣ መስቀሉ ይጎነጎናል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

መጀመሪያ፦ ቀኑን አትሳቱ

በዓሉ የሚገባው በዋዜማው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ማለትም ጃንዋሪ 31 ማታ። በእኛ ጥር 23 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ጥር ደግሞ 22 ይሆናል። ዋናው ቀን ፌብሩዋሪ 1 ነው።

ሰው የሚሳሳተው በዕረፍት ቀኑ ነው። ከ2023 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ሥራ የሚዘጋው የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ዓርብ ከዋለ ብቻ ዓርቡ ራሱ ይዘጋል። በ2023 ሰኞው የዋለው ፌብሩዋሪ 6 ነበር። እሱን የጠበቀ ሰው ዋዜማው ካለፈ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር ማለት ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ደብሊን ላይ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ነው። ከሥራ ወጥታችሁ ሣር ፍለጋ ብትሄዱ ጨለማ ይቀድማችኋል። ሣሩን ጃንዋሪ 30 ወይም 31 ጠዋት አምጡ።

ደረጃ 1፦ ሣሩን መምረጥና መንቀል

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መስቀሉ የሚበላሸው ገና ሜዳው ላይ እያለ ነው።

የሚፈለገው ሣር "ረሽ" ይባላል። ለእኛ ዓይን ቄጠማ ይመስላል፤ እንደ ቄጠማም ረግረግ ይወዳል። ቅጠል የለውም። ክብ፣ ቀጥ ያለ አረንጓዴ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ይሾላል። ችግሩ ሁለት የሚመሳሰሉ ዓይነቶች መኖራቸው ነው።

1. ለስላሳው፦ ደማቅ አረንጓዴ ነው። በጣታችሁ ስትዳብሱት ልሙጥ ነው። በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ያለ ነጭ ነገር ሳይቆራረጥ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ድሮ ይህንኑ ነጭ ነገር ቀልጦ በተዘጋጀ ጮማ እየነከሩ እንደ ጧፍ ያበሩት ነበር። የምትፈልጉት ይህን ነው።
2. ጠንካራው፦ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። በቁመቱ መስመር መስመር አለው፤ ጣት ላይ ይሻክራል። ውስጡ ያለው ነጭ ነገር የተቆራረጠ ነው። ሲታጠፍ ይሰበራል። ተዉት።

መርጣችሁ ስትጨርሱ እንዲህ አድርጉ።

1. ከባለ መሬቱ ፈቃድ ጠይቁ። አየርላንድ ውስጥ ባዶ የሚመስል ሜዳ ሁሉ ባለቤት አለው። "ለብሪጅድ መስቀል ነው" ስትሉ የሚከለክላችሁ ብዙ አይደለም።
2. ቦቲ አድርጉ። ውሃው ከላይ ላይታይ ይችላል፤ ሣሩ የበቀለበት ቦታ ሁሉ ግን ውሃ አለበት።
3. አትቁረጡ፣ ንቀሉ። ልማዱም ይህ ነው። ከሥሩ ጠጋ ብላችሁ ያዙና ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ታችኛው ነጭ ክፍል አብሮ ይወጣል።
4. ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነውን ምረጡ። የክብሪት እንጨት የሚያህለው ጥሩ ነው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ከሆነ መሀሉ ይጣመማል።
5. ለአንድ መስቀል 17 ይበቃል። እናንተ ግን 30 ያዙ። መሰበሩ አይቀርም።

ቤት ስትገቡ በረጠበ ፎጣ ጠቅልሉትና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ጭቃውን አጥቤ ሂተር ላይ አሰጣሁት፤ እርጥበቱ የሚጎዳው መስሎኝ ነበር። ማታ ልጆቹ ሊያጥፉት ሲሉ እንደ ደረቅ ፓስታ ቀጭ ቀጭ አለ። መሶብ ሲሰፋ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሰፊዋ አክርማውን ውሃ ሳታስነካ አትጀምርም። ሣር የሚታዘዘው እርጥብ ሲሆን ነው።

*ሣሩ ከደረቀባችሁ፦* ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ንከሩት። ከዚያ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት በፎጣ ጠቅልሉት። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ሣሩ ይልፈሰፈሳል።

*ሣሩን ካላገኛችሁ፦* የስንዴ አገዳ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ለትንንሽ ልጆች ሽቦ ያለው ባለ ጸጉር የእጅ ሥራ ዘንግ ይሻላል፤ ትምህርት ቤቶችም ይጠቀሙበታል። የፕላስቲክ ስትሮ አትሞክሩ። አጥፋችሁት ስትለቁት ተመልሶ ይቃናል።

ደረጃ 2፦ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቱንና ጨርቁን ማዘጋጀት

ቤቱ ይጸዳል። ምድጃ ካላችሁ አመዱን አውጡ፤ ከሌላችሁ የማብሰያውን አካባቢ አጽዱ። የበዓል ዋዜማ የቤት ሥራ ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም፤ እዚህ ላይ አልቆይም።

ጨርቁ ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል። ልማዱ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሌሊቱን ደጅ ማሳደር ነው። ብሪጅድ ስታልፍ ትባርከዋለች ይባላል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ቤት ይቀመጣል፤ ራስ ምታት ሲነሳ ግንባር ላይ ያስሩታል።

1. የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ምረጡ። እኔ የምጠቀመው ካረጀ ነጠላዬ የቀደድኩትን አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ነው። ጥለቱ ጫፉ ላይ ይታያል።
2. ጀምበር ሳትጠልቅ አውጡት።
3. ቁጥቋጦ ወይም የመስኮት ብረት ላይ እሰሩት። ዝም ብላችሁ ደፉ ላይ አታስቀምጡት። የጃንዋሪ ንፋስ ይወስደዋል፤ የኛን አንድ ዓመት ከጎረቤት አጥር ላይ ነው ያገኘነው።
4. ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ መስኮቱን በጨርቁ ላይ ዝጉበት። ግማሹ ውጭ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ጨርቁ የፍቅርና የእምነት ነገር ነው። ያመመው ሰው ሐኪም ጋር ይሂድ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ደረጃ 3፦ በር ላይ መቀበል

ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚያስታውሱት ይህን ነው። ግን ካልተዘጋጃችሁበት ሁሉም በር ላይ ቆሞ ይተያያል።

1. ከጀምበር መጥለቅ በፊት ሣሩን ከነእርጥብ ፎጣው በር ላይ አስቀምጡ።
2. ሲጨልም አንድ ሰው ወደ ውጭ ይውጣ። እንደ ልማዱ የቤቱ ልጅ ናት የምትወጣው። ሣሩን ታቅፋ ቤቱን በፀሐይ አዟዟር፣ ማለትም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ትዞራለች። አፓርታማ ከሆነ ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ትመለስ፤ ይበቃል።
3. ታንኳኳለች። ከውጭ ሆና "ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ብሪጅድን አስገቧት" ትላለች።
4. ከውስጥ ያሉት "እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" ይመልሳሉ።
5. ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። በሦስተኛው በሩ ይከፈታል። ሣሩ ገብቶ ከእራት ጠረጴዛው ሥር ይቀመጣል።

ምላሹን ቀድማችሁ ተለማመዱ። ለውጭዋ ልጅ ጃኬት አልብሷት። በሩ ከኋላዋ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ከሆነ ቁልፍ ስጧት።

ልጃችሁ ብቻዋን መውጣት ከፈራች አባቷ አብሯት ይውጣ። አታስገድዷት።

ደረጃ 4፦ እራት

የዚህ ማታ ምግብ ድንችና ቅቤ ነው። ቻምፕ ይባላል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ቤት እንደ ሙጫ ይሆናል።

ለአራት ሰው፦ 1 ኪሎ የሚፈረካከስ ድንች፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 100 ግራም ቅቤ፣ ስድስት ዘለላ አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠል፣ ጨው።

1. ድንቹን ልጣችሁ እኩል እኩል ቁረጡ። በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት፤ ጨው ጨምሩ።
2. ሲበስል ውሃውን ድፉ። ድስቱን ባዶውን እሳት ላይ መልሱና አንድ ደቂቃ እንፋሎቱን አስወጡ። ይህን የዘለለ ሰው ድንቹ ውሃ ውሃ ይለዋል።
3. ወተቱን ከተከተፈው የሽንኩርት ቅጠል ጋር ለብቻው አሙቁ። ቀዝቃዛ ወተት አትጨምሩ።
4. ድንቹን በእጅ ጨፍልቁ። ብሌንደር አትንኩ፤ ሙጫ የሚያደርገው እሱ ነው።
5. ትኩሱን ወተት ጨምራችሁ አዋሕዱ። ሳህን ላይ ከምራችሁ መሀሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጉ። ቅቤውን እዚያ ውስጥ ጣሉት። ከዳር እየጠቀሱ የቀለጠውን እያስነኩ መብላት ነው።

*ጾም ከሆነ፦* ጃንዋሪ 31 ረቡዕ ወይም ዓርብ ሊውል ይችላል። ጾመ ነነዌም በዚያ ሳምንት የምትገባበት ዓመት አለ። በ2025 ጃንዋሪ 31 ዓርብ ነበር የዋለው። እኔ በአጃ ወተትና በወይራ ዘይት ሠራሁት፤ የሽንኩርት ቅጠሉን ጨመር አደረግሁ። ደስ ብሎን በላነው።

ደረጃ 5፦ መስቀሉን መጎንጎን

ከእራት በኋላ ጠረጴዛውን አንሱ። ሣሩን ከሥር አውጡት። በሆሳዕና ዘንባባ የጎነጎነ እጅ ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ቅድሚያ ዝግጅት፦

1. ሥሩንና ሹል ጫፉን ቁረጡ። ሁሉም 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን።
2. በጣም ቀጥ ያለውን አንዱን ለብቻ አስቀምጡ። ይህ ምሰሶው ነው።
3. የቀሩትን 16 መሀላቸውን በአውራ ጣትና በጥፍር ጫን ብላችሁ ጠፍጠፍ አድርጉ። ነጩ ነገር ጭብጥ ሲል ይሰማችኋል። ከዚያ ስታጥፉት አይሰበርም። ይህን የነገረችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰበርብኝ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው።
4. አራት ላስቲክና ክር እጃችሁ አጠገብ ይሁን። በኋላ ልትነሱ አትችሉም።

አሁን ጀምሩ።

1. ምሰሶውን በግራ እጃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።
2. አንድ ሣር እጥፍ አድርጉና ምሰሶው መሀል ላይ አልብሱት። አንዱ ግማሽ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይሁን። ሁለቱ ጫፎች ወደ ቀኝ ይዩ።
3. የተገናኙበትን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨብጡ። ከዚህ በኋላ ይህ ጣት አይነሳም።
4. ሁሉንም ሩብ ዙር አዙሩ። ወደ ቀኝ ያየው ክንድ አሁን ወደ ላይ ይይ።
5. አዲስ ሣር እጠፉ። ወደ ላይ ያሉትን ዘንጎች በሙሉ አቅፎ ጫፎቹ ወደ ቀኝ ይውጡ። ሳብ አድርጉና ወደ መሀሉ አስጠጉት።
6. እንደገና ሩብ ዙር። እንደገና አዲስ ሣር፣ ወደ ላይ ባሉት ሁሉ ላይ፣ ጫፉ ወደ ቀኝ።
7. አራት ሣር ሲገባ አራት ክንድ ይኖራችኋል። አንድ ዙር ጨረሳችሁ።
8. አራት ዙር እስኪሞላ ቀጥሉ። መሀሉ ላይ እየሰፋ የሚሄድ አራት ማዕዘን ታያላችሁ። እያንዳንዱ አዲስ እጥፋት ከቀደመው ጎን ይተኛ፤ በላዩ አይውጣ።

ግራኝ ከሆናችሁ ሁሉንም ገልብጡት፤ ጫፉ ወደ ግራ፣ ዙሩም በተቃራኒው። መቀላቀል ግን አይቻልም። ጀምራችሁ ሌላ ሰው ከተቀበላችሁ መጀመሪያ የየትኛው እጅ ሰው እንደሆነ ጠይቁት።

አስተሳሰር፦

1. መሀሉን ሳትለቁ ሌላ ሰው ይሰር። ብቻችሁን ከሆናችሁ ላስቲኮቹን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ በአንድ እጅ ታወጧቸዋላችሁ።
2. መጀመሪያ የሚታሰረው የመጨረሻው ሣር የገባበት ክንድ ነው። እሱን የሚያቅፍ ሌላ እጥፋት ስለሌለ መጀመሪያ የሚሾልከው እሱ ነው።
3. ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በላስቲክ እሰሩ። አራቱም ሲታሰሩ ጫፎቹን በመቀስ አስተካክሉ። ቀድማችሁ አትከርክሙ።

*መሀሉ ከላላ፦* አትፍቱት። ክንዶቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ሳቡ፤ ከዚያ እጥፋቶቹን በጥፍር ወደ መሀል ግፉ። ብዙ ጊዜ ይጠብቃል።

*ሦስት ክንድ ብቻ ከሆነባችሁ፦* አንድ ቦታ ሳታዞሩ ሁለት ሣር አግብታችኋል። እስከዚያ ድረስ መልሳችሁ አውጡና ከዚያ ቀጥሉ። ባለ ሦስት ክንድ መስቀል በልማድ አለ፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው።

*ሣሩ እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ፦* ወዲያው ቀይሩት። "ይሁን" ብላችሁ ካለፋችሁት ሲደርቅ ያ ክንድ ይረግፋል።

*ልጁ ከደከመው፦* ሁለት ዙር ላይ እሰሩለት። ትንሽ ይሆናል፤ መስቀል ግን ነው።

ደረጃ 6፦ ሻማና መኝታ

መብራት አጥፍታችሁ አንድ ሻማ መስኮት ላይ አብሩ። ክረምቱ እያለፈ፣ ቀኑ እየረዘመ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥም ይቻላል።

ጧፍ የምታበሩ ከሆነ አሸዋ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ትከሉት። ጧፍ ሲሞቅ ይጎብጣል፤ መጋረጃ አጠገብ ከሆነ አደጋ ነው። የሣሩን ቁርጥራጭ ከጠረጴዛው ጥረጉ። ሳትተኙ ሻማውን አጥፉ፤ "ሌሊቱን ይብራ" የሚል ሰው ካለ የባትሪ ሻማ አብሩለት።

ደረጃ 7፦ ጠዋት

ጨርቁን ፀሐይ ሳትወጣ አስገቡ። ደብሊን ላይ የምትወጣው በእኛ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ስለሆነ ጊዜ አላችሁ። ጤዛ ወይም ዝናብ አርሶት ከሆነ አትጭመቁት፤ ቤት ውስጥ አድርቁትና አጥፋችሁ አስቀምጡ።

ከዚያ ውጡ። ነጭ አንገቷን የደፋች ስኖውድሮፕ አበባ ፈልጉ። መኪና ካላችሁ ኪልዴር ያለው የብሪጅድ ምንጭ አለ። እዚያ ዛፍ ላይ ጨርቅ የታሰረ ታያላችሁ። ማሰር ከፈለጋችሁ ጥጥ ይሁን፤ ፕላስቲክና ናይለን ዛፉን ይጎዳል። ማልዶ መነሳት የሚወድ ሰው ደግሞ ታራ ኮረብታ ይሂድ። እዚያ ያለው 5,000 ዓመት ገደማ የሆነው "የታጋቾች ጉብታ" የሚባለው ጥንታዊ መቃብር መግቢያው በዚህ ሰሞን ወደምትወጣው ፀሐይ የዞረ ነው።

ደረጃ 8፦ ማድረቅ፣ ማጥበቅ፣ መስቀል

1. መስቀሉን ጋዜጣ ላይ አጋድሙት። ሂተር አጠገብ አታድርጉት፤ በፕላስቲክም አትሸፍኑት፤ ይሻግታል። በየቀኑ ገልብጡት።
2. በሦስተኛው ቀን እዩት። ሣሩ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ክር ብቻ ያሰረ ሰው መስቀሉ በማግሥቱ የሚፈታበት ለዚህ ነው። ላስቲክ አብሮ ይጠባል።
3. ከሳምንት በኋላ አረንጓዴው ወደ ገለባ ቀለም ሲለወጥ ላስቲኩን አንድ በአንድ እያወጣችሁ በክር አጥብቃችሁ እሰሩ። አራቱን በአንዴ አትፍቱ።
4. ከውስጥ በኩል ከበሩ መቃን በላይ ስቀሉት። ወጥ ቤት ከሆነ ከምድጃውና ከእሳቱ አርቁት፤ የደረቀ ሣር ነው።
5. ያለፈውን ዓመት መስቀል አውርዱ። ጓሮ ያላችሁ ብረት ነገር ውስጥ አቃጥሉት። የሌላችሁ ክሩን ፍቱና ሣሩን የአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ቅበሩት።